መምህርት አልገባኝም

እንደ እሷ ያለች መምህርት ያላጋጠመው ሰው ካለ፣ ወይ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፣ ወይ ረግጦ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ነው የወጣው። በየትምህርት ቤቱ አንዲት አትጠፋም። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ፣ የቀኝ እጅጌዋ ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ የነጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማረችውን ትምህርት ዛሬ ገና እንደሰማችው ሁሉ ግንባሯን ቋጥራ "አልገባኝም" የምትል። ተማሪዎቿ ስሟን ትተው "ክብርት መምህርት አልገባኝም" ይሏታል። የሚሏት ከኋላዋ ነው፤ እሷ ግን ከሁሉም በፊት ሰምታዋለች፤ ደስም ብሏታል።

የምታስተምረው ሒሳብ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል። አንድ ልጅ ትክክለኛውን መልስ ሲነግራት እንደ ሰው "ጎበዝ፣ ተቀመጥ" ብላ አታልፍም። "አልገባኝም፤ ከየት አመጣኸው?" ትላለች። ልጁ ያስረዳታል። "እስከዚህ ድረስ አብሬህ ነበርኩ፤ እዚህ ጋ ስትደርስ ጠፋህብኝ" ትላለች። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ ፊቷ በርቶ "አሃ" ስትል፣ ልጁ አንዲት አሮጊት ደግፎ ወንዝ ያሻገረ ያህል ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል።

ይህ ጠባይዋ ከክፍል ውጭም አይለቃትም። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ የዕቅድ አፈጻጸሙ ሰማንያ ሰባት ነጥብ ሦስት በመቶ መድረሱን አፋቸውን ሞልተው ሲናገሩ፣ ከኋላ እጇን አውጥታ ነጥብ ሦስቷ ምን እንደሆነች ጠየቀቻቸው። ነጥብ ሦስቷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ከትምህርት ቢሮ የመጣ ባለሙያ ስለ "ተማሪዎችን በንቃት ማሳተፍ" አንድ ሰዓት ተኩል ሲናገር ውሎ ጥያቄ ካለ ሲል፣ ተሳትፎ ማለት እጅ ማውጣት ነው ወይስ አፍ መክፈት ብላ ያዘችው። ሰውየው ሁለቱም አለ። "ታዲያ አንተ ስትናገር የእኛ አፍ እኮ ተዘግቶ ነው የዋለው" አለችው፣ በሙሉ ትሕትና። ወላጅ መጥቶ ልጄ ሰነፍ ነው ያላት እንደሆነም ጉዱ ፈላ፤ ስንፍናውን የት እንዳየው፣ ኳስ ሲጫወትም ይሰንፍ እንደሆነ፣ ሰነፍ ሆኖ ነው ወይስ ፈርቶ እንደሆነ እያገላበጠች ትጠይቀዋለች። ወላጁ ልጁን ከሶ መጥቶ ጠበቃው ሆኖ ይመለሳል።

ከዚህች ሴት ጋር አንድ ስስ ግድግዳ ተጋርቶ አሥራ አንድ ዓመት የኖረው የፊዚክስ መምህሩ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት መምህሩ ክፍሉን ይዞ ይቀመጣል፤ የሚዞረው ተማሪው ነው። ስምንተኛ "ለ" ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ እሷ ዘንድ ይንጫጫል፤ አራተኛውን እሱ ዘንድ ጸጥ ይላል። እሱም በዚህ ይኮራል። ተማሪዎቹ "መምህር ጸጥታ" ብለውታል፤ ሲገባ ዝንቡም ይቀመጣል። ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚያምር ጽሑፍ ይሞላና ዞር ብሎ "ገባችሁ?" ይላል። ሃምሳ ሁለቱም በአንድ ድምፅ "ገባን!" ይላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምር "አልገባኝም" ያለው ተማሪ ቢቆጠር ከአንድ እጅ ጣት አያልፍም።

በዚያ ዓመት የመጀመሪያው መንፈቅ አጋማሽ ውጤት ሲወጣ ግን ነገር መጣ። የስምንተኛ "ለ" የሒሳብ አማካይ ስድሳ ስምንት፣ የፊዚክሱ አርባ አንድ። ልጆቹ ያው ልጆች፣ ወንበሮቹም ከአንድ አናጺ የወጡ ናቸው። መምህር ጸጥታ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና አንድ ማብራሪያ ብቻ ታየው፤ ሴትዮዋ ውጤት ታድላለች። በዚያ ላይ ጫጫታው አለ። በዚያ ላይ ደግሞ በክፍሏ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ነገር አለ፤ "የሳምንቱ ምርጥ ስህተት" የሚል ሰሌዳ። ልጆቹ ከሠሩት ስህተት ሁሉ ብዙ ያስተማረው ከነባለቤቱ ስም በክብር ይሰቀላል፤ ልጆቹም እዚያ ለመውጣት ይሻማሉ። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ስህተት ይሰቀላል! ይህን ሲያስብ ደሙ ይፈላል።

ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ለርዕሰ መምህሩ አስገባ። ርዕሰ መምህሩ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሲያዩ ሁለቱም ትክክል ሆነው እንዲለያዩ የሚመኙ የሰላም ሰው ናቸው። ሁለቱንም ጠርተው መፍትሔ አቀረቡ። የመንፈቁን ማጠቃለያ የሒሳብ ፈተና የፊዚክስ መምህሩ ያወጣል፤ እሱ ያርማል። ልጆቹ ከያዙት ውጤት ካሽቆለቆሉ፣ መምህርቷ ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ጡረታ በምትወጣው ሠራተኛ ቦታ ቤተ መጻሕፍቱን ትረከባለች። ቤተ መጻሕፍቱ ከመጽሐፍ ይልቅ ቁልፍ የሚበዛበት ክፍል ነው፤ ያን የመሰለ ጸጥታ ደግሞ ለእሷ እስር ቤት መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ። ትከራከራለች ብሎ መልሱን አዘጋጅቶ የመጣው መምህር ጸጥታ፣ "ይሁን" ስትል መልሱን እንደያዘ ተመለሰ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድምፅዋ ጠፋ። ጉሮሮዋን ያያት ሐኪም አንድ ሳምንት እንዳትናገር አዘዛት። ሐኪሙንም ምክንያቱ አልገባኝም ልትለው አፏን ከፍታ ምንም እንዳልወጣ በሠራተኞች ዘንድ ተወራ። ተተኪ ሲፈለግ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነፃ የነበረው መምህር ጸጥታ ብቻ ሆነ።

ሰኞ ዕለት ገባ። ልጆቹ ያው የእሱ ልጆች ናቸው፤ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንደ ሐውልት የሚቀመጡት። እዚህ ግን ወንበሮቹ አራት አራት ሆነው ፊት ለፊት ዞረዋል፤ ልጆቹም አላፈሩትም። አንድ የቅንፍ ጥያቄ ጻፈና እንደ ልማዱ በሚያምር ጽሑፍ እየተነተነ ወረደ። ወደ ሰሌዳው አጋማሽ ሳይደርስ ከኋላው አንድ ድምፅ መጣ፤ "መምህር፣ አልገባኝም። ኔጌቲቭ ሁለት በኔጌቲቭ አምስት ተባዝቶ እንዴት ኔጌቲቭ አሥር ይሆናል?"

ቀና ብሎ አየው። ተሳስቷል። ሲቸኩል ምልክቷን ሳይቀይር አልፏታል። ፊቱ ጋለና በመዳፉ ሊያጠፋት ሲል መላው ክፍል ተንጫጫ። እዚህ ክፍል ስህተት አይጠፋም፤ ጎኑ ተጽፎ ይታረማል እንጂ። ጎኑ ጻፈ። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ መሆኑን፣ ሕጉ ይህ መሆኑን አስረዳ። የጠየቀው ልጅ በትሕትና አመሰገነና ሕጉ እንደገባው፣ ያልገባው ምክንያቱ እንደሆነ ተናገረ።

መምህር ጸጥታ ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን ምናልባት ሃያ ጊዜ የተጠቀመባት ሕግ ናት። ምክንያቷን ጠይቆ አያውቅም። ልጅ እያለ ሕጉ ነው አሉት፤ ተቀበለ። አሁን ሃምሳ ሁለት ፊት ይጠብቀዋል፤ የሚያስፈራውም ነገር፣ ፊቶቹ ላይ ፌዝ የለም። የምር ማወቅ ነው የፈለጉት።

በዚህ መሃል በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ተነሳች። ይህችን ልጅ መምህር ጸጥታ ለሁለት ዓመት አስተምሯታል፤ ድምፅዋን ግን ሰምቶ አያውቅም። ስሟ ሲጠራ እጇን ታነሳለች እንጂ "አለሁ" አትልም። መናገር የማትችል የመሰለው ጊዜም ነበር። አሁን ወደ ሰሌዳው መጥታ ጠመኔ እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች።

"አባቴ አውቶቡስ ነጂ ነው" አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። "አውቶቡሱን ወደ ኋላ ሲነዳ በስልክ ቀረጽኩት። ወደ ኋላ መሄዱ አንደኛው ኔጌቲቭ ነው። ከዚያ ቪዲዮውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አጫወትኩት፤ ይኼ ሁለተኛው ኔጌቲቭ ነው። አውቶቡሱ ወደ ፊት ሄደ።"

አንዲት ትንሽ አውቶቡስ ሥላ፣ ከሥሯ ሁለት ቀስት አድርጋ፣ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህር ጸጥታ የለመደው ዓይነት ጸጥታ አልነበረም። እሱ ራሱ "አሃ" ሲል ተሰማው፤ ከአፉ መውጣቱን ያወቀው ልጆቹ ሲስቁ ነው። ይህን ማን አስተማረሽ ብሎ ጠየቃት። ማንም አላስተማራትም። መምህርቷ ዓመቱ ሲጀመር ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ወንበሯ ድረስ መጥታ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ጎንበስ ብላ "አልገባኝም፣ አንቺስ?" ትላት ነበር። ልጅቷ ዝም ስትል ትሄዳለች፤ በማግስቱ ትመለሳለች። በአሥረኛው ቀን መምህርቷ አሳዘነቻትና ልጅቷ አንድ ነገር ፈልጋ መጣችላት። ያ ነገር አውቶቡሱ ነበር።

ደወሉ ሲደወል የእሱ ስህተት "የሳምንቱ ምርጥ ስህተት" ላይ ከነስሙና ከነማዕረጉ ተሰቅሎ ነበር።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ እነዚያው ልጆች ግድግዳውን ዞረው እሱ ክፍል ገቡ። እንደ ሐውልት ተቀመጡ። የፍጥነትን ትምህርት ሰሌዳ ሙሉ ጻፈና ዞሮ "ገባችሁ?" አለ። "ገባን!" አሉት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ቃል ባዶ በርሜል እንደመምታት ሆኖ ተሰማው። ቅድም በድፍረት የጠየቀውን ልጅ አስነሥቶ እንዲያስረዳው ጠየቀው። ልጁ ጫማውን አየ። ሌላ አስነሣ። ያም ጫማውን አየ። ከሦስተኛው ረድፍ ያችን ልጅ ጠራትና ባጠገቧ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ካልገባችሁ ለምን ገባን ትሉኛላችሁ አላት።

ልጅቷ አሰበችና፣ "ገባን ስንልዎት ፊትዎ ይፈታል" አለችው።

ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ቤት ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ሆነው ቤቷን አያውቀውም ነበር፤ ከጽሕፈት ቤት ነው አቅጣጫ የጠየቀው። በሩን እህቷ ከፈተችለት። መምህርቷ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ጉልበቷ ላይ የተማሪ ደብተር ዘርግታ ተቀምጣለች። እሱ ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት። ደብዳቤውን በነጋታው እንደሚያነሳ፣ ፈተናውንም ወይ ሌላ ሰው እንደሚያወጣው ወይ እሱ ቀለል አድርጎ እንደሚያወጣው ነገራት። በዚህ ጊዜ መነጽሯን ከፀጉሯ ላይ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና በትልልቁ ጻፈች፤ "እንዳታደርገው። አክብደው።"

ለምን ቤተ መጻሕፍት ለመግባት እንደምትጋፋ አልገባውም። ከሥሩ ጨመረችለት፤ "ቀላል ስለሆነ አለፋችሁ የሚላቸው ሰው እንዳይኖር።"

ደብተሩን አንብቦ መለሰላት። ከዚያ እሱም እንደ እሷ ላስተምር ቢል ከየት እንደሚጀምር ጠየቃት። የጻፈችው አንድ ቃል ነበር፤ "ተቀመጥ።" ወንበር የጋበዘችው መስሎት ተቀመጠ። ድምፅ የሌለው ሳቅ ሳቀችና ዓረፍተ ነገሩን ሞላችው፤ "ጠመኔውን ለልጆቹ ስጥና ተቀመጥ።"

ፈተናውን አከበደው። ሲያከብድ ደግሞ ለነገ የሚተርፍ አላስቀረም፤ ሃያ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ መልሱ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱ በቃላት የሚጻፍ፣ ሁለቱ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል የተቀነጨቡ። ልጆቹ ወረቀቱን ሲያዩ አንድ ጊዜ ተነፈሱ፤ ከዚያ መጻፍ ጀመሩ። የፈተናው ሰዓት አልቆ ወረቀት ሲሰበሰብ እየጻፉ የቀሩ ነበሩ። ሐሙስ ከሰዓት በመምህራን ክፍል ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ተቀመጠ። አንዳንዱ ማብራሪያ ሲያነበው ፈገግ አሰኘው፤ ልጆቹ የሚጽፉት ፈተና ለሚያርም ሰው አይደለም፤ ነገር ቶሎ ለማይገባው ዘመድ ነው። አንዱ ከመልሱ ሥር፣ "መምህር፣ አሁንም ካልገባዎት ከሁለተኛው መስመር ጀምረው ደግመው ያንብቡት" ብሎ ጽፎለታል። ደግሞ አነበበው። እውነትም ገባው።

የመምህራኑ ስብሰባ ዓርብ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ውጤቱን ሊያነቡ እጃቸውን ሲዘረጉ መምህር ጸጥታ ወረቀቱን አልሰጣቸውም፤ ራሱ ተነሥቶ አነበበው። ከሃምሳ ሁለት ተማሪዎች አርባ ዘጠኙ አልፈዋል። አማካዩ ሰባ አንድ። ፈተናው ደግሞ እሱ እስከ ዛሬ ካወጣቸው ሁሉ የከበደው መሆኑን ጨመረ። ከዚያ የጻፈውን ደብዳቤ ማንሣቱን፣ ያን ሲጽፍም ግድግዳውን እንጂ ክፍሉን አይቶ እንዳልነበረ ተናገረ። ለመናገር ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ላብ ግን ጀርባውን አራሰው። መምህራኑ አጨበጨቡ። ርዕሰ መምህሩ ሁለቱም ትክክል ሆነው በመለያየታቸው ፊታቸው በራ። መምህርቷ ድምፅዋ ገና በቅጡ አልተመለሰም፤ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ በተሰነጠቀ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ሦስቱ እነማን ናቸው?"

ሁለተኛው መንፈቅ የመምህር ጸጥታ መከራና ደስታ ተደባልቆ የመጣበት ነው። ጠመኔውን ሰጥቶ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ሳምንት መቀመጥ ብቻውን አሳመመው፤ እጁ ሳያስበው ወደ ሰሌዳው ይሄዳል፤ ስህተት ሲያይ ጥርሱን ነክሶ ይታገሳል። ልጆቹም ወዲያው አላመኑትም። ለሁለት ሳምንት ገባን እያሉ ፊቱን ያዩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ፈራ ተባ እያለ አልገባኝም አለው። መምህር ጸጥታ በደስታ ተነሥቶ ልጁን ጨበጠው፤ ልጁ ደነገጠ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ ጠፋ። ኳስ በኮሪደር እያንከባለሉ ፍጥነት ለኩ። ባልዲ በገመድ እያሽከረከሩ ውሃው ለምን እንደማይፈስ ተከራከሩ፤ ውሃው ፈሰሰ፤ ለምን እንደፈሰሰ ሁለት ቀን ተከራከሩ። ያላለፉትን ሦስት ልጆች ደግሞ ሁለቱ መምህራን ተካፍለው ሳይሆን አብረው ያዟቸው፤ በምሳ ዕረፍት ልጆቹ አስተማሪ፣ መምህራኑ ተማሪ ሆነው። ሁለት የተማሩ ሰዎች ተደጋግፈው የማይገባቸው ሲሆን ልጅ አዝኖ ያስረዳል። የፊዚክሱ አማካይ ከአርባ አንድ ተነሥቶ ሃምሳ ስድስት፣ ከዚያ ስድሳ አራት ገባ። በዚህ መሃል በወዲያኛው ግድግዳ ያለው የታሪክ መምህር ጫጫታውን መቋቋም አቅቶት ለርዕሰ መምህሩ ሁለት ገጽ ጻፈ። መምህር ጸጥታ ደብዳቤውን ሲያየው "ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ እኔም በዚህ መልክ ነው የጀመርኩት" አላቸው ለርዕሰ መምህሩ።

የስምንተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት የመጣው ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ከፖስታው አውጥተው አነበቡ፤ አላመኑም፤ የመነጽራቸውን መስታወት በክራቫታቸው ወልውለው እንደገና አነበቡ። ከስምንተኛ "ለ" የወደቀ ተማሪ የለም። ሃምሳ ሁለት ተፈትኖ ሃምሳ ሁለት አልፏል፤ በትምህርት ቤቱ ታሪክ ሙሉ ክፍል አልፎ አያውቅም። ያችን ከመስኮቱ በኩል የምትቀመጠውን ልጅ በሒሳብም በፊዚክስም የቀደማት አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት በግቢው ወላጅና ተማሪ ሞልቶ ተሰለፈ። አባቶች ከሥራ ቀርተው፣ እናቶች ሕፃን አዝለው መጥተዋል። ሃምሳ ሁለቱ ከፊት ቆመዋል፤ ስማቸው ሲጠራ የሚመልሱት "አለሁ" እስከ አጥሩ ወዲያ ይሰማል። ርዕሰ መምህሩ የሒሳብ መምህርቷን ንግግር እንድታደርግ ጠሯት። እሷ መነጽሯን ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር ልጆቹ ፀጉሯን እያሳዩ ሳቁ። መነጽሯን ስታገኝ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ከጎኗ ለቆመው ለፊዚክስ መምህሩ አቀበለችውና ገፋ አደረገችው።

አልተዘጋጀም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በሚያምር ጽሑፍ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው፣ ዛሬ ባዶ እጁን ሕዝብ ፊት ቆመ። ልጆቹን አየ። ወላጆቹን አየ።

"ከእኚህ እህቴ አጠገብ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ" አለ። "ከእሳቸው ጋር ማስተማር የጀመርኩት ግን ዘንድሮ ነው።"

ሌላ ሊጨምር አስቦ ነበር፤ ተወው። ማጉያውን መለሰላት። እሷም ልትናገርበት ወደ አፏ አስጠጋችው፤ መልሳ ዝቅ አድርጋው ሌላኛውን እጇን፣ በጠመኔ የነጣውን፣ በክንዱ ውስጥ ሻጠችና አብራው ቆመች። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ከስምንተኛ "ለ" መሃል አንዱ ጭብጨባውን ወደ ዘፈን ለወጠው፤ ሃምሳ አንዱ ተከተሉት፤ ወላጆቹም ገቡበት። መምህር ጸጥታ በዕድሜው እንዲህ ያለ ጫጫታ ሰምቶ አያውቅም፤ እንዳያልቅበትም ተመኘ።